አያቴን በማውጫ ስፈልግ

የልጅ ልጄን ሊጠይቁ ሽማግሌዎች ሲያትል አጠገብ ሬንተን፣ ልጄ ቤት የመጡ ዕለት፣ ነገሩ ሁሉ በደስታ ሄዶ ሄዶ ዘር ቆጠራው ላይ ሲደርስ ቆመ።

በእኛ ወግ ሁለት ሰዎች ከመጋባታቸው በፊት እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል። ከዚያ ወዲህ የተገናኙ እንደሆነ ዘመዳሞች ናቸው፤ አይጋቡም። እዚህ አገር ብዙው ሰው ይህን ትቶታል። ግን የልጁ ወገን አልተዉትም፤ እኛም አልተውነውም። ልጁ ኤቨረት ከተማ አውሮፕላን የሚገጣጠምበት ቦታ ይሠራል፤ ሲናገር ድምፁ ከፍ የማይል ጨዋ ልጅ ነው። የልጅ ልጄ ነርስ ናት። እንደሚዋደዱ ለማወቅ መነጽር አያስፈልግም፤ ሁለቱ አንድ ክፍል ውስጥ ሲሆኑ ሌላው ሰው ትርፍ ይሆናል።

ከልጁ ወገን ዘር የቆጠሩት አያቱ ናቸው፤ የእናቱ እናት። እዚሁ ሲያትል አጠገብ፣ ዴ ሞይን፣ ከልጃቸው ጋር ይኖራሉ። ሰማንያን አልፈዋል፤ ግን ዓይናቸው ዛሬም መርፌ ላይ ክር ያስገባል። ወንበራቸው ላይ ቀጥ ብለው ራሳቸውን፣ አባታቸውን፣ የአባታቸውን አባት ጠሩ። እኔ ከስኒው ላይ ቀና አልኩ።

«ይቅርታ እትዬ፣ አባትዎን ማን አሉኝ?»

ደገሙልኝ። ስሙን እዚህ አልጽፈውም፤ ሟች ናቸው፤ ቤተሰባቸው ሳይፈቅድልኝ ስማቸውን አደባባይ አላወጣም።

«ይህማ የአባቴ አባት ስም ነው» አልኩ። «እስከ አባቱ አንድ ነው።»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሳቁ። «ስም እንደሆነ በየሰፈሩ ሞልቷል፤ እሱ ምን ይደንቃል?»

«አባትዎ ሥራቸው ምን ነበር እትዬ?»

«ልብስ ሰፊ። አዲስ አበባ።»

«የእኔም አያት ልብስ ሰፊ ነበሩ። አዲስ አበባ። አገራቸውስ?»

«ቡልጋ።»

«የእኔም» አልኩ። የሳቁት ሽማግሌ ሳቃቸውን ዋጡት። የልጅ ልጄ ትሪ ይዛ ከኩሽና ብቅ ስትል ሁላችንም ምንጣፉን እናያለን። «ዋት? ምን ሆናችሁ?» አለች።

የአያቴን ነገር ልንገራችሁ። አባቴ ገና ሕፃን ሳለ፣ አያቴ ስፌት ሠርቼ ገንዘብ ልላክ ብለው ከቡልጋ አዲስ አበባ ወረዱ። መጀመሪያ መጀመሪያ መንገደኛ ሲገኝ ቡሉኮም፣ ስኳርም ይልኩ ነበር። በኋላ ቀረ። ጠያቂ ቢላክም አላገኛቸውም ተባለ። የመንደሩ ሰው «ከተማ ሌላ ሚስት አግብቶ ነው፤ ልጅም ወልዷል» አለ፤ አባቴም ይህን እየሰማ አደገ። እስኪሞት ድረስ በአባቱ ተቀይሞ ነበር። ዘር ቁጠር ሲሉት የአባቱንና የአያቱን ስም ጠርቶ አፉን ይዘጋል። ከዚያ በላይ ለእኔም አልነገረኝም።

እንግዲህ ያ ከተማ የቀረ ልብስ ሰፊ ሌላ አግብቶ እትዬን የወለደ እንደሆነ፣ እሳቸው የአባቴ እህት ናቸው። ልጆቹ የአንድ ሰው ዘር ናቸው። ሰርግ የለም። የንስሐ አባታችንም ነገሩን ሲሰሙ ጢማቸውን ይዘው ብዙ አሰቡና «ሳይጣራ ተክሊል አላደርስም» አሉ። አልተቆጡም። አዝነው ነው ያሉት።

የልጅ ልጄ ያን ሳምንት ብዙ አለቀሰች። ከዚያ አንድ ቀን ከሥራ ስትወጣ ኮል አደረገችልኝ። «አባባ፣ ሶ፣ ዝም ብለን ከምናዝን ቼክ እናድርገው። ዳውንታውን ላይብረሪ ቀጠሮ ይዤልሃለሁ።»

እኔ በአገሬ አራተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት። እዚህም ሠርቼ የኖርኩት መሬት ውስጥ ባለ ጋራዥ የሰው መኪና እያቆምኩ ነው። ከዚያ ላይብረሪ አጠገብ ዕድሜዬን ስሠራ ወደ ውስጥ የዘለቅሁት ዝናብ ሲያባርረኝ ብቻ ነበር። የተቀበለችን የላይብረሪዋ ሠራተኛ ሽበቷን የማትቀባ፣ ረጋ ያለች አሜሪካዊት ናት። ነገሩን የልጅ ልጄ አስረዳቻት፤ ስለ ሰባት ቤቱም ነገረቻት። ሴትየዋ አልሳቀችም፣ አልተገረመችም። ራሷን ነቀነቀችና «ሁለት ሰው ናቸው ወይስ አንድ? ይህ ለማውጫ የሚሆን ጥያቄ ነው» አለች።

ማውጫ ምን እንደሆነ መጀመሪያ በሲያትል አሳየችኝ። ድሮ፣ ስልክ በየቤቱ ሳይገባ፣ የከተማውን ነዋሪና ነጋዴ በስም፣ በሥራና በአድራሻ የሚዘረዝር ወፍራም መጽሐፍ በየጊዜው ይታተም ነበር። የትኛው መንገድ ላይ እንደምኖር ጠየቀችኝና አንዱን ከፈተች። እኔ ዛሬ በምተኛበት ቤት አንድ አናጢ ይኖር ነበር! በሚቀጥለው መጽሐፍም አለ። በሌላው ደግሞ ሚስቱ ልብስ አጣቢ ሆና ከጎኑ ተጽፋለች። ከዚያ ሌላ መንገድ ላይ አገኘነው፤ አናጢነቱን ትቶ የእንጨት መጋዘን ጠባቂ ሆኗል። ሰውየውን እንደ ጎረቤት ተከተልኩት። እግሩን አሞት ይሆን ሥራ የለወጠው ብዬም አሰብኩ።

«ይህን ሁሉ ማን ጻፈው?» አልኳት።

በር እያንኳኩ የሚዞሩ ሰዎች ነበሩ አለችኝ። ማን ይኖራል፣ ምን ይሠራል እያሉ ይጠይቃሉ፤ መንገዱን ጨርሰው ወደሚቀጥለው ይሄዳሉ። ወዲያው እነዚያን ሰዎች ወደድኳቸው። የዚህ ከተማ ዝናብ እንዴት እንደሆነ እኔ አውቃለሁና። ደመወዛቸው ብዙ እንዳልነበር መገመት አያቅትም። ሥራቸው ግን ይኸው፣ ማንም የረሳውን አናጢ ከነሚስቱ ጠብቆታል።

«የእናንተም ከተማ ነበረው» አለች ሴትየዋ። «ፈረንጆች ለንግድ ብለው ያሳተሙት። እዚህ የለንም፤ ግን ያላቸውን እጠይቃለሁ።»

ጠየቀች። አንዱ ላይብረሪ የለኝም አላት፤ ሌላው ዘገየባት፤ እሷ ግን አልተወችውም። ለማታውቀው የቡልጋ ልብስ ሰፊ ያን ያህል ስትደክም ሳይ፣ ለገዛ ዘመዱ እንዲህ የሚደክም ስንቱ ነው አልኩ። በመጨረሻ ሁለት መጽሐፍ ፎቶ ተነሥቶ በኮምፒውተር መጣላት። የአዲስ አበባ የንግድ ማውጫ፣ አንዱ ቀደም ያለ፣ አንዱ ከዚያ የተከተለ። የተጻፉት በፈረንሳይኛ ነው። እሷ ወደ እንግሊዝኛ ትመልሳለች፣ የልጅ ልጄ ወደ አማርኛ።

በፊተኛው መጽሐፍ ልብስ ሰፊዎች የተዘረዘሩበት ላይ አገኘናቸው። የአያቴ ስም ከነአባታቸው፤ ሰፈራቸው እሪ በከንቱ። በሕይወቴ የአያቴን ስም ተጽፎ አይቼ አላውቅም ነበር። ጣቴን ኮምፒውተሩ ላይ አሳረፍኩ፤ ሴትየዋም አትንካ አላለችኝም።

በኋለኛው መጽሐፍ ግን ልብስ ሰፊዎቹ ጋ የሉም። የልጅ ልጄ የሌሎቹን ሥራዎች ዝርዝር ስታገላብጥ ስሙን አራት ኪሎ አገኘችው፤ ካባና የቤተ ክህነት ልብስ ጥልፍ በሚል ሥር። እትዬ ያደጉት አራት ኪሎ ነው። ሁለታችንም እንደዚያ እንደ ሲያትሉ አናጢ መሰለን። ሰውየው ሰፈር ለቀዋል፤ ሥራቸውንም አሻሽለዋል። አንድ ሰው ናቸው።

«ኦኬ» አለች የልጅ ልጄ። ቤት እስክንደርስ የመኪናው መጥረጊያ መስታወቱን ሲጠርግ ብቻ ነው የሰማሁት።

ለእትዬ መንገር የእኔ ፋንታ ሆነ። ዴ ሞይን ሄድኩ። እንደነገርኳቸው አገጬን ይዘው ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞሩት።

«ግንባሩ የእኛ ነው» አሉ። «ታዲያ እስከ ዛሬ የት ነበርክ፣ አንተ ልጅ?»

ሰባ ካለፈኝ ወዲህ «አንተ ልጅ» ያለኝ የለም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ይደውሉልኝ ጀመር። ቁርስ በላህ? ያ ካፖርትህ ሳስቷል፣ ሌላ ግዛ። የስኳር መድኃኒትህን ዋጥክ? አንድ ቀን ሽሮ በብልቃጥ አሽገው በልጃቸው ላኩልኝ፤ ላዩ ላይ «ለወንድሜ ልጅ» ብለው ጽፈውበታል። በአባቴ በኩል ሰው የለኝም ነበር። የልጅ ልጄ ዓይኗ አብጦ እያየሁ እኔ ስልኩ ሲጮህ ደስ ይለኝ ነበር፤ ሁለቱን አብሮ መያዝ ከባድ ነው።

ልጆቹ ለሰርጉ የያዙትን አዳራሽ ሰረዙ። ልጁ መጥቶ ፊቴ ቁጭ አለና «አባባ፣ ዝምድናው እውነት ከሆነ አከብራለሁ። ግን እውነት መሆኑን ልወቅ» አለኝ።

እትዬ ግን አንድ ጠዋት ሲደውሉ «የአባቴን ስም በዓይኔ ልየው። ውሰዱኝ» አሉ። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ዣንጥላቸውን እንደ ምርኩዝ ይዘው መጡ። የልጅ ልጄ በሩ ላይ አውርዳን «ፓርክ አድርጌ እመጣለሁ» አለች። የላይብረሪዋ ሴት እትዬን ስታይ ከወንበሯ ተነሥታ ተቀበለቻቸው። እትዬ ይህን ልብ አሉት። «አሳዳጊ አላት» አሉኝ በጆሮዬ።

የልጅ ልጄ ስትመጣ የፊተኛው መጽሐፍ ተከፈተ።

«ይሄ ምን ይላል?» አሉ እትዬ።

«ልብስ ሰፊ ይላል እማማ። እሪ በከንቱ።»

«እሪ በከንቱ? አባቴ እሪ በከንቱ ምን ሊሠራ?»

«መጀመሪያ እዚያ ነበሩ፤ ከዚያ አራት ኪሎ ሙቭ አደረጉ።»

«ማን ነው ሙቭ ያደረገ? አባቴ ከቡልጋ ወጥቶ አራት ኪሎ ገባ፤ ከዚያ ንቅንቅ አላለም። እዚያ ነው ያገባው፣ እዚያ ነው እኔን የወለደ። የአራት ኪሎው ሥራውን ምን ይላል?»

ሴትየዋ አነበበች፤ የልጅ ልጄ መለሰች። «ካባ፣ ጥልፍ፣ የካህናት ልብስ።»

«እሱ ነው አባቴ!» ዣንጥላቸው ወለሉን መታ። በንባብ ላይ የነበረ ሰው ሁሉ ዞሮ አየን።

«እትዬ፣ ያን ዕለት ልብስ ሰፊ አላሉንም እንዴ?» አልኩ።

«ለልጆቹ እንዲገባቸው ብዬ ነዋ! ካባ ጠላፊ ብል ማን ያውቀዋል? አባቴ በወርቅ ክር ነበር የሚሠራ። ጥልፉን የተማረ ገና በልጅነቱ፣ ቡልጋ፣ ከቄስ አጎቱ ነው። ሱሪ ሰፍቶ አያውቅም። ሱሪ የሚሰፋ ሲያይ ‹ይኼ ጆንያ ሰፊ› ይል ነበር።» ከዚያ እኔን በጎን አዩኝ። «ያንተን አያት ማለቴ አይደለም።»

«ምንም አይደል» አልኩ።

«በዚህ በፊተኛው መጽሐፍ ጥልፉ ጋ ፈልጉልኝ።»

እኔና የልጅ ልጄ ተያየን። ጥልፍ ጋ አልፈለግንም ነበር። ልብስ ሰፊዎቹ ጋ ስሙን ስናገኝ አገኘነው ብለን አቆምን። የሁለታችንም አእምሮ ልብስ ሰፊ የሚል ብቻ ነበረበት፤ አንድ ስም በአንድ መጽሐፍ ሁለት ጊዜ ይኖራል ብሎ ያሰበ የለም። የላይብረሪዋ ሴት ገጾቹን ቀስ ብላ አለፈቻቸው። ቆመች። እዚያው ፊተኛው መጽሐፍ ውስጥ፣ ያው ስም፣ ካባ ጠላፊ፣ አራት ኪሎ።

«ኦ ማይ ጋድ» አለች የልጅ ልጄ። «ሁለት ናቸው። አባባ፣ ሁለት ናቸው!»

እኔ ግን ልቤ አልቆረጠም። ለምን እንደተናገርኩት አላውቅም፤ ቄሱ ፊት ሊቀርብ ነውና ነገሩ እንከን እንዳይኖረው ነው መሰል። «አንድ ሰው ሁለት ሱቅ ሊኖረው ይችላል» አልኩ።

«ሁለት ሱቅ!» አሉ እትዬ። «ያችን አንዷንም የሚከፍታት ከቅዳሴ መልስ ነበር። እናቴ በዚህ ስትነታረከው ነው ያደግሁት።»

የላይብረሪዋ ሴት የምንለው ሲተረጎምላት ፈገግ አለችና፣ «እሪ በከንቱ የነበረው ሱቅ በኋለኛው መጽሐፍ ማን ይዞታል? እሱን እንይ» አለች። የኋለኛው መጽሐፍ ከበስተኋላው በሰፈር በሰፈር የተዘረዘረ ክፍል ነበረው። እሪ በከንቱን አወጣች። አንድ ልብስ ሰፊ አለ፤ ስሙ ሌላ ነው። ከስሙ ሥር በደቃቅ ፊደል የተጻፈ ነገር ነበር። እሱን ስታነብ ፈገግታዋ ጠፋ። መጀመሪያ የልጅ ልጄን ሳይሆን እኔን ነው ያየችኝ። ከዚያ ቀስ ብላ ነገረቻት።

«አባባ» አለች የልጅ ልጄ። «የአያትህ ስም አለ። ሟቹ ይላል። የሟቹን ሱቅ የተረከበ ይላል።»

እትዬ አንዴ መጽሐፉን፣ አንዴ እኔን አዩ። «ያኔ እኔ ሕፃን ነበርኩ» አሉ። «አባቴ እኔን ለወግ ለማዕረግ አብቅቶ፣ የልጄን ክርስትና አይቶ ነው የሞተ።»

በዚህ አለቀ። ሁለት ሰዎች ናቸው። የልጅ ልጄ እየሳቀችም እያለቀሰችም ሴትየዋን አቀፈቻት፤ ስልኳን አውጥታ ለልጁ ልትደውል ስትል ዓይኗ እኔ ላይ አረፈና እጇ ቆመ።

«አንቺ ደውዪለት፤ ልጁ ይረፍ» አሏት እትዬ። «እኚህን ለእኔ ተዪልኝ። መርዶ ነው የሰሙት።»

እውነታቸውን ነው። እኔ ራሴ ገና አልገባኝም ነበር። በእኛ ዘንድ መርዶ በማለዳ፣ በዘመድ፣ በወግ ነው የሚነገር። የእኔ በፈረንሳይኛ ተጽፎ፣ በእንግሊዝኛ ተነብቦ፣ ሲያትል ላይብረሪ ውስጥ ደረሰኝ። እትዬ ተነሡ፤ ነጠላቸውን አዘቀዘቁ፤ ፊቴ ቆመው «ነፍስ ይማር፤ እግዜር ያጽናዎት ወንድሜ» አሉ። ወደ አንቱ ተመለሱ። የላይብረሪዋ ሴት ምን እንደሆነ ሳይነገራት እሷም ተነሥታ ቆመች።

ያ የደቃቅ ፊደል መስመር አጭር ናት። ግን አያቴ ሱቃቸውን ከፍተው እንደነበር፣ ሥራ ላይ ሳሉ እንደሞቱ፣ ሱቁም ለሚስት ወይም ለልጅ ሳይሆን ለሌላ ልብስ ሰፊ እንዳለፈ ትናገራለች። ሌላ ትዳር ነበራቸው ወይ ብትሉኝ ማን ያውቃል። እኔ ግን የቀሩ ሰው ሳይሆኑ ያልደረሱ ሰው ናቸው ብዬ አምኛለሁ። አባቴ ይህችን መስመር ባያት ኖሮ ምን ይል ነበር እያልኩ ብዙ ሌሊት ሳይሆን ብዙ ቀን አስቤአለሁ፤ አውቶቡስ ስጠብቅም፣ ጫማዬን ስቋጥርም። እሪ በከንቱን በእግሩ ዞሮ፣ ይህ ሱቅ ቀድሞ የማን ነበር ብሎ የጠየቀውን ሰው ባገኘው እጁን እስመው ነበር።

ቅዳሜ ቤቴ ለቅሶ ተቀመጥኩ። እትዬ ናቸው ያዘዙኝ፤ «አያት ሞቶብዎ ዝም ይባላል?» ብለው። የሁለቱ ቤተሰብ ሰው ሁሉ መጣ፤ ልጁ ከኤቨረት ሌሊት ሠርቶ ሳይተኛ ውሃና ዳቦ ተሸክሞ ደረሰ። መጀመሪያ ሁሉም ሐዘን ሊያስመስል ሞከረ። እንባ ግን ከማንም አልመጣም፤ ከእኔ በቀር። በኋላ ወሬ ተጀመረ። እትዬ ለሙሽራው አባታቸው ይጠልፉት እንደነበረ ዓይነት ካባ ከአዲስ አበባ እንደሚያስመጡለት ተናገሩ።

«ካባው በእርስዎ ይሁን» አልኳቸው። «ከሥሩ ሱሪ መልበሱ አይቀርም፤ ሱሪው በእኔ ነው።»

እትዬ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። የለቅሶ ቤት መሆኑን ማንም አላስታወሰም።

በማግስቱ ከቅዳሴ በኋላ ቄሱ ዘንድ ገባን። ልጆቹ ውጤቱን በስልካቸው አሳዩአቸው፤ እሳቸውም ሁለቱንም ገጽ ደጋግመው አዩ። «አንድ አባት ሁለት ልጆቹን በአንድ ስም አይጠራም፤ ወንድማማችም አይደሉም ማለት ነው» አሉ። «ከዚያ በላይ ያለውን እኛ አናውቅም፤ እግዚአብሔር ያውቃል። ከጾሙ በኋላ ቀን ቁረጡ።» የልጅ ልጄ የልጁን እጅ ጨበጠች፤ ቄሱም እንዳላዩ ሆኑ።

ከዚያ ለአያቴ ጸሎት እንዲደረግልኝ ለመንኩ።

«ክርስትና ስማቸው ማን ነው?»

እሱን ማውጫው አይጽፍም። አባቴም አልነገረኝም፤ ያውቀው እንደሆነም አላውቅም። የማውቀው ስማቸውን፣ የአባታቸውን ስም፣ ሥራቸውንና ሰፈራቸውን ነው አልኩ።

«ይበቃል» አሉ ቄሱ። «እንዲያው እንጠራቸዋለን።»

ጸሎቱን ጀመሩ። የአያቴ ስም ላይ ሲደርሱ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉት። እትዬ ከጎኔ ቆመው ነበር፤ የአያቴና የአባታቸው ስም አንድ ነውና፣ በተጠራ ቁጥር ሁለታችንም እኩል እናማትብ ነበር።